የስዊድን መርዶ

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ልጅቷ ቀረች። አባቷ ተረፋ ዛሬ ማለዳ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። ሲሬ ያሉት እናቱ ስለተሻላቸው የመጣበት ጉዳይ አልቋል። ሌንሳ ግን እኔ ቤት ትከርማለች። እህቴ ወሰኔ ከሚኒሶታ ደውላ «የስዊድኑ ክለብ እስኪጠራት ብቻ ነው፣ ሸዋዬ። እዚህ ብትመጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ነው የምትውለው፣ እንቅልፍም የላት። አንቺ ጋ ትንሽ ትረፍ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? የእህቴ ልጅ ናት፣ ቤቱም ባዶ ነው።

ሌንሳ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አሜሪካ ተወልዳ፣ አሜሪካ አድጋ፣ ኮሌጅ የተማረችው በእግር ኳስ ነው። ማለትም የከፈለላት ኳሷ ነው። አሁን ደግሞ አውሮፓ ሄዳ በደመወዝ መጫወት ትፈልጋለች። እዚህ ሰፈር አሜሪካ ለመሄድ ያልተሳለ ሰው የለም፤ ይቺ አሜሪካን ከነመኪናዋ ትታ ስዊድን የሚባል በረዶ ቤት ትለማመጣለች። «አሜሪካ ኳስ የለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት «አለ አክስቴ፣ ግን እዛ ነው ሰው የሚያይሽ» አለች። በዚያ ላይ አማርኛዋ ይሰባበራል። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማረች አክስት እያለቻት! ክረምቱን ሥራ አገኘሁ ማለት ነው።

ሰኔ 17

ፈተና እያረምኩ ስለሆነ በአጭሩ።

ሳይነጋ ትሮጣለች። ዛሬ የሰፈሩ ሕፃናትና ሁለት ውሾች አብረዋት ሮጡ። የሐዋርያት ጾም መሆኑን ነገርኳት፤ «ኳስ ተጫዋችም ይጾማል?» አለች። እንቁላሏን ራሷ ጠበሰች። መጥበሻውን ደብቄ ነበር፣ አገኘችው።

ኦሮምኛዋ ከአባቷ ነው፣ ውሃ ነው። እዚሁ ነቀምቴ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁት እኔ በኦሮምኛ ስከራከር የባጃጁ ሹፌር ይስቃል፤ እሷ ስትናገር ግን «ሲስተር» ብሎ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል።

ሰኔ 22፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀነአ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀነአ የድሮ ተማሪዬ ነው። ክፍል ውስጥ አይቼው የማላውቀው፣ ሜዳ ላይ ግን ሁልጊዜ የማየው ተማሪ ነበር። አሁን የከተማዋን የሴቶች ቡድን ያሠለጥናል። «ቲቸር፣ ያቺን ልጅ ያውሱን» አለኝ። «ዕቃ ናት እንዴ?» ብለው «ዕቃ ብትሆን እንሰርቃት ነበር» አለ።

አብሬ ሄድኩ። ለመጠበቅ ነው እንጂ ኳስ አልወድም። ሃያ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲያሳድድ ማየት ለኔ አይገባኝም። ግን ሌንሳ ኳሷን ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆናለች። ቤት ውስጥ ዕቃ የምትጥለው፣ ጫማዋን የምትረሳው ልጅ ሜዳ ላይ አንድ ነገር አይረሳትም። ተቃራኒዎቿ ሦስት ሆነው ከበቧት፤ በማን በኩል እንደወጣች እኔም እነሱም አላየንም። ቀነአ ራሱን ይዞ ሳር ላይ ተቀመጠ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሸዋጌጥ በስተርጅና ልጅ አገኘች» አለች አንዷ። ሌላዋ «የተዋሰችውን?» አለች፤ ተሳሳቁ። እኔ አልተከፋሁም። የተዋሱት እንደሚመለስ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ማታ ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ሌንሳ ውሃ ስትጠጣ አመሸች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጎረቤቴን አስካለን መርዶ አረዳናት። ጊምቢ ያለ ወንድሟ ካረፈ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ አላወቀችም ነበር። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጂሬኛ «በሳምንቱ መጨረሻ ይነገራት፣ ልጆቿ ከዩኒቨርሲቲ ይምጡላት» ስላሉ ጠበቅን። ሊነጋጋ ሲል ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባን። ኦቦ ጂሬኛ እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ፤ ሰው እንግዳ ነው፣ መጪም ሂያጅም ነን እያሉ። አስካለ ግን በሩ ሲከፈት ገና አውቃለች። ፊታችንን አየች፣ በቃ።

ሌንሳ የዝናብ ጃኬቷን ለብሳ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ከለቅሶው ስንመለስ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ትላንት እኮ በቆሎ ስንፈለፍል አብረናት ስቀናል!»

«ትላንት የሳቀችው ተረፈላት። ዛሬ ማን ይሰጣት ነበር?»

«ለምን አልደወላችሁላትም?»

«ስልክ ስትወድቂ አይደግፍሽም። ለዚህ ነው ሰው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው ማለዳ የሚኬደው። ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲከባት።»

ራት ላይ «እማዬ አንድ ነገር ብትሆን እኔም ጋ እንደዚህ ትመጣላችሁ?» አለችኝ። «ሟርተኛ!» ብዬ ጮኽኩባት። ክፉ አይንካብኝ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ሠራሁ፣ ቀነአን ጠራሁት፤ እሱም ከቡድኑ አራት ልጆች አስከትሎ መጣ። ቤቴ ውስጥ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ስቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስለ ኦፍሳይድ ሲከራከሩ እኔ ጣልቃ ገብቼ ቀነአን አረምኩት። ኳሱ ከእግር በወጣበት ቅጽበት ነው የሚታየው፣ ሲቀበሉት አይደለም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ቲቸር!» አለ ቀነአ። ሌንሳ ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች።

ኳስ አልወድም፤ ግን ነገር ሳይገባኝ መቀመጥ ደግሞ አልወድም።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ እኔም ነፃ ነኝ። ጠዋት ከእሷ ጋር ሜዳ፣ ከሰዓት ገበያ፣ ማታ አማርኛ። ታኬታዋን ምድጃው አጠገብ አደርቃለሁ። ቤቱ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ በፊት ቢሆን አልችለውም ነበር። ስዊድኖቹ «በሐምሌ አጋማሽ እናሳውቃለን» ብለዋል። ቸኩለው ከሆነ ቸኩለዋል፣ እኛ ግን አልቸኮልንም።

ወሰኔ ደውላ ነበር። ሌንሳ በአማርኛ ሙሉ ታሪክ ስትነግራት ሰምታ «አንቺ ልጄን ወሰድሽብኝ» አለች። ቀልዷን ነው። ትንሽ ቅናትም ነበረበት። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ሐምሌ 9

ስልኳ ከኪሷ ወድቆ ኩሬ ውስጥ ገባ። ሜዳው ዳር። መናኸሪያው አጠገብ ላለው ጠጋኝ ሰጠነው፤ ጥቂት ቀን ይደር አለ። እስከዚያው ወኪሏ በእኔ ቁጥር ይደውል ብላ ላከችለት። አሜሪካ ያለ፣ ከክለቦች ጋር የሚያገናኛት ሰውዬ ነው። ስዊድኖቹ ዛሬም ዝም።

«ስልክ የለኝም፣ ግን ተኝቼ አደርኩ» አለችኝ። ይኸው! እኔ ምን አልኩ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ወኪሉ ደወለ። ሌንሳ ልምምድ ላይ ነበረች።

እንግሊዝኛዬ አያሳፍርም፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስዊድኖቹ አሠልጣኝ ለውጠዋል፤ አዲሱ አሠልጣኝ የራሱን ሰው ይፈልጋል። ሌንሳን አይጠሩም። አለቀ። ስለ ሌላ አገርም አንድ ነገር ተናግሯል፣ ፖርቱጋል ምናምን፤ ቶሎ ትደውልልኝ ብሏል። ገና ያልተጨበጠ ነገር ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም።

ይቺን ልጅ እንዴት ነው የምነግራት? ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የሮጠችው ለዚህ ነው። ነገ ደግሞ ሲሬ ላይ ጨዋታ አላቸው፤ አያቷም ሊያዩዋት ነው። በጨዋታ ዋዜማ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ማንም አይናገርም።

ጨዋታው ይለፍ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ከሲሬ አሁን መግባታችን ነው። ደክሞኛል፣ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሜዳው ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ግማሹ ሳር፣ ግማሹ ጭቃ፤ አንድ ጥግ ላይ ጥጃ ታስሮ ነበር፣ ዳኛው ራሱ ፈትቶ አወጣው። አያቷ ወንበር ተዘጋጅቶላቸው ጋቢ ተደርቦላቸው ተቀመጡ። ቀነአ ስልኬን ቀምቶ ካሜራውን ከፈተና «ቲቸር፣ ሌንሳን ብቻ ይከተሏት፣ ከኳሱ ጋር አይሂዱ» አለኝ። ጨዋታውን በሙሉ ቀረጽኩ። መጀመሪያ ያገባችው ጊዜ ዘልዬ ሰማዩን ነው የቀረጽኩት። ሁለተኛው ግን በደንብ ገብቷል፤ ከመሐል ሜዳ ተነስታ ሁለት ሰው አልፋ በግራ እግሯ። አያቷ «ኢንተለ ኮ! ኢንተለ ኮ!» እያሉ ከወንበራቸው ተነሱ። የልጃቸው ልጅ ናት፤ «ልጄ» ቢሉ መብታቸው ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «አክስቴ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ የተጫወትኩበትን ጊዜ አላስታውስም» አለችኝ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

ታዲያ ዛሬ ይነገራል? በምን አፍ!

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዝናብ። ጠጋኙ ደውሎ ስልኩ ተሠርቷል አለ። አልሄድኩም፣ ዝናብ ስለሆነ። ጃንጥላ አለኝ፤ ግን ነፋስም ነበር።

ሌንሳ ዛሬ ሽሮ ሠራች። ተቃጠለ። በላነው።

ሐምሌ 15

ኦቦ ጂሬኛ ቤት ሄጄ ተማከርኩ። ብቻዬን የምሸከመው አልሆነም።

«ማን ሞተ?» አሉ መጀመሪያ።

«ሰው አልሞተም።»

«ታዲያ ሥራ ነው?»

«ሕይወቷ ነው፣ ኦቦ ጂሬኛ። አገር አቋርጣ የምትጠብቀው ነገር ነው።»

አሰቡበት። «እንግዲያው ብቻሽን አትነግሪያትም። እናቷ እዚህ የለች፣ አባቷ የለ። ማለዳ መጥተን ከብበን እንነግራታለን» አሉ። ነገ ይሁን አሉ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ብዙ ሰው ጧሚ ነው፣ ባዶ ሆድ ጥሩ አይደለም፤ ሐሙስ ይሁን አልኩ። እሳቸውም እሺ አሉ።

ሌንሳ ጾም እንደማትጾም ትዝ ያለኝ ቤት ስደርስ ነው።

ያ የአሜሪካ ቁጥር ሁለቴ ደውሎ አገኘሁት። ስልኬ ጓዳ ነበር። ጓዳ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 17፣ ማለዳ

ሊነጋጋ ነው። የውጭው በር ተንኳኳ። ነጠላዬ የት አለ። ልጅቷ ተኝታለች፣ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ 17፣ ማታ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

አራት ሆነን ገባን። ኦቦ ጂሬኛ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቀነአ ኮፍያውን አውልቆ፣ እኔ በነጠላ። አስካለ ደግሞ ከነሐዘን ልብሷ፣ ከላይ እስከ ታች በጥቁር። ማናችንም አላሰብንበትም። መቅረት ነውር ነው ብላ ነው የመጣችው።

ሌንሳ ዓይኗን ገለጠች። አንድ በአንድ አየችን። አስካለ ላይ ስትደርስ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ።

ኦቦ ጂሬኛ ጀመሩ። «ኢንተለ ኮ፣ በዚህ ምድር ላይ የእኛ የምንለው የለም። እግዚአብሔር ይሰጣል፣ እግዚአብሔር ይነሳል…»

«እማዬ!» ብላ ጮኸች።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከአልጋው ወደቀች። «እማዬ ሞተች! መቼ ነው የሞተችው? መቼ ነው?» እኔ «አይደለም፣ አይደለም» እላለሁ፤ ግን በእኛ አገር መርዶ የሚያረዳ ሰውም መጀመሪያ አይደለም ነው የሚለው። አስካለ ጩኸቷን ስትሰማ የራሷ ሐዘን ተነሳባት፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ኦቦ ጂሬኛ ያሰቡትን ንግግር ማቋረጥ ስላልሆነላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። ጎረቤት ለቅሶውን ሰምቶ በር ላይ ተሰበሰበ። አንዷ እንዲያውም ደረቷን እየመታች ገባች።

ያዳነን ቀነአ ነው። ወንበር ላይ ወጥቶ «ስዊድን ነው! ስዊድን ነው የቀረው! እናትሽ ደህና ናት! ስዊድን ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ደረቷን የምትመታዋ ሴት እጇን አወረደች። ሌንሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁላችንንም አየችን።

«ስዊድን?»

«ስዊድን፣ ኢንተለ ኮ» አሉ ኦቦ ጂሬኛ። «አይጠሩሽም።»

ሳቀች። መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች። አስካለም ጀመረች፤ ከተረዳች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሌንሳ ተነስታ ኦቦ ጂሬኛን አቀፈቻቸው፣ አስካለን ሳመቻት፣ ስልኬን ነጥቃ እናቷ ጋ ደወለች፤ የወሰኔን ድምፅ ስትሰማ ደግሞ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ የአራት ሰው ቁርስ በላች። እኔም ደስ አለኝ። በቃ፣ ተነገረ፣ ከሰው ጋር ተነገረ፣ ወጉ ሠራ አልኩ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ዳቦ እየቆረሰች «መቼ ነው የደወለው?» አለችኝ።

«ዓርብ።»

«የትኛው ዓርብ?»

«ያለፈው።»

ዳቦውን አስቀመጠችው። «ሌላ ነገር አላለም?»

«ስለ ፖርቱጋል አንድ ነገር ብሏል። ቶሎ ትደውል ብሏል።»

ጃኬቷን ሳትለብስ በዝናብ ወጣች። ስልኳን ከጠጋኙ አውጥታ፣ እዚያው መናኸሪያው ጋ ቆማ ደውላ፣ በስብሳ ተመለሰች። የፖርቱጋሉ ክለብ ለሙከራ ሊጠራት ፈልጎ እስከ ሰኞ መልስ ጠብቋል። መልስ ሲያጣ ሌላ ልጅ ጠራ።

አልተቆጣችም። ታኬታዋን አጠበች፣ ምድጃው አጠገብ ራሷ አስቀመጠች፣ ተኛች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጉ እንዲህ ነው። ክፉ ወሬ ተጠብቆ ነው የሚነገር። ኦቦ ጂሬኛም ብለዋል። እኔ ወጉን ነው የጠበቅኩት። የፖርቱጋሉ ክፉ ወሬ አልነበረም፣ አውቃለሁ። አውቃለሁ።

ሐምሌ 18

በጣም በትህትና ነው የምታናግረኝ። «አንቱ» ማለት ብቻ ነው የቀራት።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ቀነአ የሲሬውን ቪዲዮ እናሳጥረው አለ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ጓደኛ አለው፤ ከሰዓት ሁለታችን ሄድን። ሰማዩን ቆርጠው አወጡት። እኔ «ሁለተኛውን ጎል ከፊት አድርጉት» አልኩ፣ አደረጉት። መስመር ላይ ሲጫን ስልኬን ትኩር ብዬ እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ባየውም እንደማይፈጥን አውቃለሁ።

ከዚያ ውጭ ወጥቼ ወኪሉ ጋ ደወልኩ። «ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቷ አይደለም፤ እሷ መልእክቱ አልደረሳትም። ይህን ለፖርቱጋሎቹ ንገርልኝ፣ ቪዲዮውንም አሳያቸው» አልኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እሞክራለሁ አለ።

ለሌንሳ አልነገርኳትም። ደግሞ ሌላ ነገር ደበቅኩ ማለት ነው። ይህኛው ግን ይደበቅ።

ሐምሌ 24

ዛሬ ጠዋት «አክስቴ፣ ኳስ የሚወረውርልኝ ሰው የለም» አለች። ቡትስ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ወረወርኩ፣ መለሰች፣ ወረወርኩ። አንዱን በእግሬ ልምታው ብዬ በጀርባዬ ጭቃ ላይ ተዘረርኩ። ቀሚሴ ከአገልግሎት ውጭ ነው። እሷ መሳቋን ሳታቆም አነሳችኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ታረቅን። ማንም ይቅርታ አላለም።

ማታ «ማንም ክለብ ካልጠራኝ እዚሁ እከርማለሁ፤ ቀነአ ረዳት አሠልጣኝ ሁኚ ብሎኛል» አለች። «ይሁን» አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ግን ትንሿን ክፍል ቀለም ባስቀባት ብዬ አሰብኩ። ብሩህ ነገር፣ ቢጫ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ተጠራች!

ራሷ ነች ስልኩን ያነሳችው። ከነጭቃዋ ምንጣፌ ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ። ፖርቱጋሎቹ ቪዲዮውን አይተዋል። የጠሯት ሌላዋ ልጅ አልሆነችላቸውም። በመጪው ሳምንት ለሙከራ ነይ ብለዋል። እንግዲህ ሜዳ ላይ አይተው ወይ ይወስዷታል ወይ ይመልሷታል።

እልል አልኩ። አስካለ ከግድግዳው ማዶ ሰምታ ከነሐዘኗ እልል አለች። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ላጥኩ። የምሠራው ወጥ አልነበረም።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ሄደች።

በጨለማ መናኸሪያ ደረስን። ቀነአ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ጭኖ ገመዱን ሦስት ጊዜ አጠበቀ። ልጆቹ ሁሉ መጥተው ነበር፣ የቡድኑን ማልያ ፈርመው ሰጧት። እኔ ዳቦና ቆሎ ቋጠርኩላት፤ «ከአውቶቡስ አትውረጂ፣ ብትወርጂም ሩቅ አትሂጂ፣ አዲስ አበባ ስትደርሺ ደውዪ» እያልኩ ከዚህ በፊት ያልኩትን ሁሉ ደጋገምኩ።

ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አክስቴ፣ ካልወሰዱኝ ወደዚህ ነው የምመለሰው። አሜሪካ አልሄድም። ለእማዬም ነግሬያታለሁ።»

«እሺ።»

«ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዳልሄድ ከፈለግሽ፣ አትሂጂ በዪኝ። በቃ፣ እንዲያ ብቻ በዪኝ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋሁላት። አውቶቡሱ ሲወጣ እጄን አነሳሁ፤ በየትኛው መስኮት እንዳለች አላየሁም፣ ለሁሉም አውለበለብኩ።

ነሐሴ 7

ደረሰች፣ ጀመረች። ሜዳው ምንጣፍ ነው አለች፤ ኳሱ ጭቃ ስለማይዘው መጀመሪያ አምልጧት ነበር። አሠልጣኟ ሴት ናት፣ ትጮኻለች። ቋንቋው አይገባትም፣ ጩኸቱ ግን ይገባታል። «እንደ አንቺ ነው የምትጮኸው» አለችኝ።

ፍልሰታ ነው። ማለዳ ማለዳ ኪዳን አደርሳለሁ። ስለ ሌንሳ እጸልያለሁ። ምን እንዲደረግላት እንደምለምን ግን ለእግዚአብሔርም አላብራራሁለት። «አንተ ታውቃለህ» እላለሁ። ያውቃል። ለዚህም ነው ቀና ብዬ ሥዕሉን የማላየው።

ቀለም ሻጩ ጋ አልሄድኩም። ቢጫው ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩ።

ነሐሴ 11

ትላንት የወዳጅነት ጨዋታ አሰለፏት። ግማሹን ተጫወተች። ጎል የለም። «ጥሩ አልነበርኩም» አለች፤ ድምፅዋ ደክሟል። አይዞሽ አልኳት፤ ከዚያም ዛሬ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ልቤ ቀላል ነበር። ለምን እንደቀለለኝ ስደርስበት ተነስቼ ግቢውን ጠረግኩ። ንጹሕ ነበር፣ ደግሜ ጠረግኩት።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«አክስቴ! ወሰዱኝ! ሁለት ዓመት!»

መልሴን አትጠብቅም፣ ታወራለች። ያቺ የምትጮኸዋ አሠልጣኝ በግማሽ ጨዋታ ያየሁት ይበቃኛል ብላለች። ቤት ይሰጧታል፣ ከሁለት ልጆች ጋር። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ደመወዝ ነው። እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ከዚያ በመሐል ሳቋን ተወች።

«መልስ ዛሬ ይፈልጋሉ። እማዬ ፈርሚ ብላለች፣ አባዬም። አንቺን ሳልሰማ አልፈርምም። ቀነአም ቦታሽ አለ ብሎኛል። አትፈርሚ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ የእውነቴን ነው። በኋላ አይደለም፣ አሁን በዪኝ።»

የእውነቷን ነው። አውቃታለሁ፣ ትመጣ ነበር። መስኮቱ ላይ የተሰቀለ የልምምድ ካልሲዋን እያየሁ ነበር፤ አንዱን ረስታዋለች።

«ፈርሚ» አልኳት።

ቀስ ብላ «ሳታስቢበት?» አለችኝ።

«ካሰብኩበት አስቀርሻለሁ፣ ልጄ። ፈርሚ።»

ፈረመች።